መጀመሪያ ጎማው፣ ከዚያ ቸርኬው

ባሕር ዳር ለመኪና ክፉ ከተማ አይደለችም። ሜዳ ናት። ዋና ዋና መንገዶቿ ሰፊ ናቸው፤ ዘንባባው ግራና ቀኝ ተሰልፏል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። እዚያ ላይ ዝቅ ያለ መኪና ሲያልፍ ማየት ያምራል። መኪና ያለው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳውም እዚያ ነው።

ችግሩ ፎቶው አልቆ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ነው። ኮብልስቶን አለ። ምልክትም ቀለምም የሌለው ጉብታ አለ፤ አንዳንዱማ መኪናውን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ጭራሹን ለማስቆም የተሠራ ነው የሚመስለው። ክረምት የበላው የአስፋልት ጠርዝ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላውና ጥልቀቱን የሚያውቀው ፈጣሪና የሰፈሩ ባጃጅ ሹፌር ብቻ ይሆናል።

እኔ በዚህ ከተማ የምነዳው፣ ቸርኬውንም (ጎማው የሚጠልቅበትን ክብ ብረት) ልቀይርለት የተነሳሁት ቶዮታ ሴሊካ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2006 የተመረተው የመጨረሻው ሞዴል። 1.8 ሊትር ሞተር፣ ሁለት የጎን በር፣ አራት ወንበር። የኋላዎቹን ሁለቱን ወንበር ማለት ግን ትንሽ ማጋነን ነው። ሞላውን የቀየረው ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ደግነቱ በግራይንደር አላስቆረጠውም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል፦ ሞላ አታስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወይም አንዱ እግር ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። ሲመለስ በቦታው ላይቀመጥ ይችላል።

ይህ መኪና ቢበላሽብኝ ሌላ አምጥቼ የምተካው አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ቀረ። ስለዚህ ያለንን ይዘን ነው የምንጫወተው። ቸርኬ ልቀይር ብዬ ስነሳም ጥያቄዬ «ምን ያምራል?» የሚል ብቻ ሊሆን አልቻለም።

ጓደኞቼ ግን አንድ መልስ ነው ያላቸው። «አሥራ ስምንት አድርግበት!» ይላሉ። ፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን የመኪናውን አካል) ሞልቶ የተቀመጠ 18 ኢንች ቸርኬ፣ ጎኑ ቀጭን በሆነ ጎማ የተጠቀለለ። እውነት ለመናገር እኔም ይማርከኛል። ግን ቁጥሩን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

የሴሊካው አንዱ የፋብሪካ ልክ 195/60/15 ነው። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 60 ግን ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጎኑ 117 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 15 የቸርኬው ኢንች ነው፣ 381 ሚሊ ሜትር። ከላይም ከታችም ጎን ስላለ 117ን ሁለት ጊዜ እንደምራለን። የጎማው ጠቅላላ ቁመት 615 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ቸርኬ ሲተልቅ ይህ 615 ብዙ እንዳይለወጥ ነው የሚፈለገው። የፍጥነት መለኪያውም፣ ማርሹም፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ክፍተትም በእሱ ነው የተሰፉት። 205/50/16 ብናደርግ 611 ይሆናል፣ ጎኑ 102። 205/45/17 ብናደርግ 616፣ ጎኑ 92። ጓደኞቼ የሚሉትን 18 በ225/35 ብናደርገው ደግሞ 615 ይመጣል፣ ጎኑ 79። መኪናው በሦስቱም ከፍም ዝቅም አይልም ማለት ይቻላል። የሚለወጠው ከውስጥ ነው። ብረቱ ያድጋል፣ ላስቲኩ ይቀንሳል። ከ15 ወደ 18 ስንሄድ ከመንገዱና ከቸርኬው መካከል 38 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይወጣል።

እኔን ያስቆመኝ ይህ 38 ነው። ዝቅ ያለ መኪና አስቀድሞ ከሞላው ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተወስዶበታል። ጉብታ ሲመጣ ወይም ጉድጓድ ሲገባ የሚተጣጠፍበት ቦታ አጥሯል። ቀሪውን ድንጋጤ የሚቀበለው የጎማው ጎን ነው። ከሞላው ወስዶ፣ ደግሞ ከጎማው ወስዶ፣ በፋሲሎ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ምቾት መጠበቅ አይሆንም። ምቾቱንስ ተዉት። ቸርኬው ራሱ ይጎዳል። የብረት ቸርኬ ቢጎብጥ በመዶሻ ቀጥ ይደረጋል። አሉሚኒየሙ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀን በብየዳ አስይዞ በ80 እና በ100 መንዳት ደግሞ እኔ የማልደፍረው ነገር ነው። ጎማውም ቢሆን ጎኑ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና እባጭ ያወጣል። ጎኑ ያበጠ ጎማ አይጠገንም። ይጣላል።

በአውሮፓ ወይም በጃፓን አውራ ጎዳና ላይ ይህ ስሌት ሌላ ነው። እዚያ 18 ቢያደርጉ አልፈርድም።

ከዚያ ደግሞ የገበያው ጉዳይ አለ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አንድ ቀን እሑድ መንገድ ዳር የሚሠሩ ሽማግሌ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። እጃቸው ጥቁር ነው፣ ወሬያቸው ቁጥብ።

«ጋሼ፣ 225/35/18 ብፈልግ እዚህ ይገኛል?»

መኪናዬን ዞረው አዩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩት።

«እሱን ከፈለግህ አዲስ አበባ ደውል የኔ ልጅ። እኔን ኮሮላ የሚረግጠውን ጠይቀኝ።»

ሌላ ምንም አላሉም፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ግን ምርጫዬን ከብዙ ሰዓት የኢንተርኔት ፍለጋ በላይ ያቀለሉልኝ እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ቸርኬውን በዓይኑ ይወድና ይገዛል፤ ከዚያ ጎማ ይፈልጋል። እዚህ አገር ግን መንገዱ ተቃራኒው መሆን አለበት። በክረምት፣ በማታ፣ ከባሕር ዳር ወጥቼ ዱርቤቴ ወይም አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ምን ልክ አገኛለሁ? መልሱ ኮሮላ የሚረግጠው ነው። በርካታ ኮሮላዎች 195/65/15 ወይም 205/55/16 ይረግጣሉ።

ከእነዚህ አንዱንም እንዳለ ልወስድ አልችልም። 205/55/16 ጠቅላላ ቁመቱ 632 ሚሊ ሜትር ነው። ከኔው በ17 ይበልጣል። ከፍታው በጀ ቢሆን ፓራፋንጎው ውስጥ ግን ወደ ላይም ወደ ፊትም 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ይጨምራል፤ ለዘለቄታው በዝቅ ያለ መኪና ላይ ብዙ ነው። የፍጥነት መለኪያውም 100 ሲል እውነተኛው 103 ይጠጋል። ነገር ግን ቸርኬዬ 16 ከሆነ ለዘወትር 205/50 አድርጌ፣ የጨነቀኝ ቀን 205/55ን ከኋላ አስሬ ቀስ እያልኩ ቤቴ መድረስ እችላለሁ። ከኋላ ያልኩት በምክንያት ነው። ሴሊካ የሚጎተተው በፊት እግሩ ነው። የሚጎትቱት ሁለቱ ጎማዎች ቁመታቸው ከተለያየ ኃይሉን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል ሳያርፍ ሲሠራ ይውላል። 18 ቸርኬ ያለው ሰው ግን ዱርቤቴ ላይ ምንም መውጫ የለውም። ጭነት መኪና ለምኖ ማስጫን ነው።

እናም 16። ጓደኞቼ አዘኑ።

ስፋቱን ስወስን ያሰብኩት ዝናብ ነው። የባሕር ዳር ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሰፊ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ይይዛል፣ እሱ እውነት ነው። ውሃ ላይ ግን ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ውሃውን ቆርጦ ከመሬት ጋር ለመገናኘት ይቸገራል፤ በፍጥነት ሲነዳ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ካለቀ ደግሞ ይብሳል። በቦዩ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል ማለት ነው፤ አልቋል። በ1,100 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን መኪና 205 በቂው ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ደላላ የሚበረታው። «ይገባል ወንድሜ፣ አምስት ቡሎን አይደለም እንዴ?» ይላል። አምስት ቡሎን መሆኑ ብቻ ምንም አይነግርም። የሴሊካው ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ብዙ ቶዮታ ደግሞ 114.3 ነው። በዓይን አይለይም፣ በስልክ ፎቶማ ጭራሽ። በአምስት ቡሎን ላይ መሃል ለመሃል በቀጥታ መለካት ስለማይመች እኔ የምለካው ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ጎረቤቱ ቀዳዳ መሃል ነው። 58.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የእኔ ነው። 67.2 ከሆነ የ114.3 ነው፤ አመስግኜ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ሜትር አትጡ።

ሁለተኛው የመሃል ቀዳዳው ነው። የሴሊካው ሞዞ (ቸርኬው የሚያርፍበት የመኪናው ክፍል) 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሱባሩ ኢምፕሬዛ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ 5 በ100 ነው፣ መሃሉ ግን 56.1። የቮልስ ጎልፍ አራተኛው ሞዴል 57.1። ቀዳዳቸው ስለሚሰፋ ሴሊካ ላይ ይገባሉ፤ ግን የተረፈውን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ይፈልጋሉ። ያለ ቀለበት ቸርኬው ትንሽ ከመሃል ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በ90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ታስደርጋላችሁ፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው ይሰደባል፣ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ሦስተኛው ቸርኬውን የሚያጠብቀው ዳዶ ነው። ማንም የማያነሳው፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያስፈራኝ። ብዙዎቹ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው። ከገበያ የሚገዙት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ ዳዶ ነው የሚፈልጉት። ጠፍጣፋውን ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ብታስሩት የጠበቀ ይመስላል፤ የያዘው ግን በጠርዙ ብቻ ነው። እየቆየ ይላላል። ቸርኬ ስትገዙ ዳዶውን አብራችሁ ግዙ። ካሰራችሁ በኋላም ትንሽ ነድታችሁ እንደገና አጥብቁ።

የቀረው ኦፍሴት ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደተጠጋ የሚናገር ቁጥር ነው፣ ከጀርባው ኢቲ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ከመኪናው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል። የኔ የፋብሪካው ስፋቱ 6.5 ኢንች፣ ኢቲ 45 ነው። አንድ ሰው 7.5 ኢንች፣ ኢቲ 40 አቀረበልኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግማሹ ወደ ውጭ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኢቲው በ5 ስለቀነሰ ሁሉም ነገር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የውጩ ጠርዝ 17.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ የውስጡ ደግሞ 7.7 ከጎማው በስተውስጥ ወዳለው ሾክ ይጠጋል። መኪናው በፋብሪካ ቁመቱ ቢሆን ምናልባት ይቻል ነበር። ዝቅ ያለው ላይ ግን ጎማው ሲነሳ የፓራፋንጎውን ከንፈር ነው የሚያገኘው።

የወሰድኩት 7 ኢንች፣ ኢቲ 40 ነው። ወደ ውጭ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከጎን ሲታይ ሞልቶ ይታያል። ከሾኩ ጋር ያለው ርቀትም እንደነበረ ነው። 205/50 ለ7 ኢንች ምቹ ልኩ ነው፤ ጎማው ተለጥጦ ጠርዙ አይጋለጥም። ጎማን በግድ ሰፊ ቸርኬ ላይ መለጠጥ የሚወዱ አሉ። ኮብልስቶን ባለበት ከተማ ቸርኬን ያለ ከንፈር መተው ነው፣ አልወደውም።

ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን ለመፈተን መኪናውን ባዶውን መንዳት አይበቃም። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጥፎ፣ አንዱን የፊት እግር ጉብታ ላይ አውጥቶ ማዳመጥ አንዱ ነው። የኋላው እውነተኛ ፈተና ግን ሰርግ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ለየት ያለ መኪና ያለው ሰው ሰርግ አያመልጠውም። «የአጎትህ ልጅ ነው እኮ፣ እንዴት እምቢ ትላለህ?» ትባላላችሁ። ሁለት ጎረምሳ ሚዜ ከኋላ ይታጠፋል፣ አንዱ ከፊት፣ ኮፋኖው ላይ አበባ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ጡሩምባ እየነፉ መዞር። የኋላ ጎማ የሚነካ ከሆነ ከመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይጮሃል። የኔው ዝም አለ። ፊት ለፊት፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ወደ ኋላ ስወጣ ብቻ የውስጥ ፕላስቲኩን በትንሹ ያሻሸዋል። ያንን ትቼዋለሁ።

ስፔሰር (ከሞዞውና ከቸርኬው መካከል የሚገባ ብረት) ጨምርበት ያለኝም ነበር፣ እስከ ከንፈሩ እንዲወጣ። ካስፈለገ ትክክለኛ ኢቲ ያለው ቸርኬ ይገዛል እንጂ በርካሽ ስፔሰር ቡሎን ላይ ጫና አይጨመርም።

ጎማውን ስገዛ ከልኩ ሌላ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ናቸው። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው የሄደ ጎማ በፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። ሁለተኛው የጭነት ቁጥሩ ነው። የ205/50/16 አብዛኛው 87 ነው፣ አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይችላል። ወደ 205/45/17 ስትሄዱ ተራው 84 ይሆናል፣ 500 ኪሎ። ጎኑ ሲያንስ የሚይዘው አየር ስለሚቀንስ የሚሸከመውም ይቀንሳል፤ ለዚያ ነው ቀጭን ጎማ ኤክስትራ ሎድ የተባለውን፣ ተጨማሪ ጭነት እንዲችል የተሠራውን የሚፈልገው።

አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ደግሞ ከአዲሱ ጎማ በፊት ይሠራ። ዝቅ ያለ መኪና ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የእግሮቹ አቅጣጫም ይዛባል። ካልተስተካከለ የውስጡ ጠርዝ ሳይታይ ይበላል። ከውጭ ሲታይ ጎማው አዲስ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ሽቦው ወጥቷል።

ነፋሱን የማስለካው በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በተለይ አዲስ አበባ ስሄድ። ከደጀን ወርዶ በዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ለቀጭን ጎማ ትልቅ ፈተና ነው። ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግላል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ያልፋል፣ ከታች ደግሞ አየሩ ራሱ ይፋጃል። ታች ደርሶ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ማስተንፈስ የለም። ደጋው ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጎማው ያንሰዋል፣ ያነሰው ጎማ ደግሞ ቀጣዩን ጉድጓድ በቸርኬው ይቀበላል።

ቀለሙን ጓደኞቼ ጥቁር አሉ። እኔ ግራጫ አደረግሁት። የጢስ ዓባይ መንገድ አቧራ ጥቁር ላይ ወዲያው ይታያል፣ የፍሬኑም ዱቄት ነጭ ላይ። በየሳምንቱ ቸርኬ የማጥብበት ትርፍ ጊዜ ደግሞ የለኝም።